ሙሴ ዴሬና ያልተጫነው ሊኑክስ

ሙሴ ዴሬ ሞተ ሲሉኝ ከአፌ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ሳይጭነው?» የሚል ነበር። የደወለችልኝ የቢሮ ባልደረባችን ግራ ገባት። «ምኑን?» አለችኝ እያለቀሰች። እኔም ማልቀስ ጀመርኩ። እውነቱን ልናገርና ከእንባዬ ግማሹ የንዴት ነበር። ሰው እንዴት አንድ ኮምፒውተር ላይ አንድ ነገር ለመጫን ዓመታት ሲያማክር ኖሮ፣ ሳይጭነው ይሞታል?

የሞተው ጂቡቲ ድንበር ላይ ባለችው በደወሌ ከተማ ነው፣ ታላቅ ወንድሙን ሊጠይቅ በሄደበት። ምሳ በልቶ ጋደም እንዳለ ልቡ ቀጥ አለ አሉ። በዚያው ቀን እዚያው ተቀበረ። ሙሴ በሕይወቱ ቶሎ የጨረሰው ነገር ቢኖር ይኼ ብቻ ነው።

ጅግጅጋ ውስጥ የምሠራበት መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር። ዴሬ በሶማሊኛ ረጅም ማለት ነው፤ እዚህ ከተማ ቅጽል ስም የሌለው ሰው ስለሌለ እሱም ቁመቱን ተሸክሞ ይኖር ነበር። ቤታችን በመጣ ቁጥር ግንባሩን ከበሩ ጉበን ጋር ያጋጫል፤ በተጋጨ ቁጥርም ጉበኑ ትናንት ማታ የተተከለ ይመስል ቀና ብሎ በመገረም ያየዋል። የሸሚዙ ደረት ኪስ ውስጥ ሁለት ነገር አይጠፋም፤ መፋቂያና ፍላሽ። ሰው ሲናገር መፋቂያውን ያኝካል። ፍላሹ ውስጥ ደግሞ ሊኑክስ አለ።

ሊኑክስ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ እኔም አላውቅም ነበር። ኮምፒውተርን ከሥር ሆኖ የሚያሠራ ነገር ነው። ሁላችን ቤት ያለው ዊንዶውስ የሚሠራውን ሥራ ይሠራል፤ ግን ባለቤቶቹ «ውሰዱት» ብለው በነፃ የለቀቁት ነው። እዚህ አገር በየፍላሹ የሚዞረው ቫይረስም አይነካውም። እኔ የፈለግሁት ይህችን የመጨረሻዋን ነበር።

ምክንያቱም ያቺ ኮምፒውተር እንጀራዬ ናት። ከቢሮ ስመለስ ቤት ተቀምጬ ከሶማሊኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ሶማሊኛ ወረቀት እተረጉማለሁ፤ የኪራይ ውል፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት አቤቱታ። ደንበኛ ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፣ ፍላሹ ሁሉ በሽታውን ይዞ ይመጣል። አንድ ጠዋት የሥራ ፎልደሬን ስከፍት ፋይሎቼ ሁሉ ሾርትከት የሚሏቸው፣ ቢነኳቸው የማይከፈቱ ባዶ ምልክቶች ሆነው ጠበቁኝ። ስንት ቀን የደከምኩበት የውርስ ክስ ድራሹ ጠፋ። ኮምፒውተሩን ጥገና ሱቅ ወሰድኩት፤ ልጁ ሁሉን አጥፍቶ ሌላ የተኮረጀ ዊንዶውስ ጫነበት። ወር ሳይሞላው እንደገና ታመመ። በዚህ ጊዜ ነው ለሙሴ የነገርኩት።

መፋቂያውን ከአፉ አወጣና «ሊኑክስ ይሻልሻል፣ አባዮ» አለኝ። አባዮ እህቴ ማለት ነው።

«እንግዲያው ጫንልኝ።»

«ቤት ውስጥ ማን ማን ይጠቀምበታል?»

«እኔ፣ እህቴ ሊዲያና አባቴ። ምነው?»

«እነሱስ ተስማሙ?»

«ሙሴ፣ የገዛሁት እኔ ነኝ!»

«ልክ ነሽ፣ የገዛሽው አንቺ ነሽ» አለ በእርጋታ። «ግን የሚጠቀሙበት ሦስት ናችሁ። ቢሮ ሲሆን የታዘዝኩትን እጭናለሁ። ቤት ግን የቤቱ ሰው ተሰብስቦ ሳይመክርበት አልነካም።»

ይህን አመል ያመጣው ደወሌ ነው። ድሮ እዚያ በትራንዚት ጸሐፊነት ሲሠራ፣ የታላቅ ወንድሙን የሐሰንን ሱቅ ኮምፒውተር ማንንም ሳይጠይቅ በሊኑክስ ቀየረው፤ ደስ ላሰኛቸው ብሎ። በማግሥቱ የወንድሙ ሚስት የዕቃውን ሒሳብ የምትሠራበትን ቦታ አጣችው። ጂቡቲ የሚሻገር ዕቃ ተጭኖ፣ ሾፌሮቹ ጥሩምባ እየነፉ፣ እሷ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ወዲያ ሙሴ ቤቷ ሲመጣ ሻይ ታቀርብለታለች እንጂ አታናግረውም ነበር። «ጥፋቱ የሊኑክስ አይደለም፣ አለመጠየቄ ነው» ይል ነበር። አያቱ እዚሁ ሶማሌ ክልል፣ ደምበል ወረዳ ውስጥ ሽር ይመሩ ነበር፤ ሽር ሰዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሁሉም እስኪስማማ የሚመክሩበት ነው። ድምፅ ቆጥሮ መወሰን የለም። አንድ ሰው ካልተስማማ ነገሩ ለሌላ ቀን ይቆያል። ይህን ለግመልና ለውሃ የተበጀ ሥርዓት ነው እንግዲህ ለእኔ ኮምፒውተር ያመጣው።

«አባቴ አያወራም፣ አትልፋ» አልኩት አስቀድሜ።

ይህን ማንም ያውቀዋል። አባቴ ገበያው አጠገብ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነበረው። በ2010 ሐምሌ መጨረሻ፣ ከተማው ውስጥ ሶማሌ ያልሆነው ሰው በተጠቃበት በዚያ ክፉ ሰሞን ሱቁ ተዘረፈ፣ ከዚያም ተቃጠለ። እሱ ራሱ የዳነው በሰው ግቢ ተደብቆ ነው። ከዚያ ወዲህ ከግቢያችን አልወጣም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ አይሄድም። ሲያናግሩት «እሺ» ይላል፣ በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ነገር ቢኖር ኮምፒውተሩ ነፃ ሲሆን የካርታ ጨዋታ መጫወት ነው። እኔና ሊዲያ ያልሞከርነው የለም፤ ለምነን፣ ተቆጥተን፣ ቄስ አምጥተን አይተናል። እውነቱን ለመናገር ተስፋ ቆርጠን ነበር።

እሁድ ከሰዓት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ ሙሴ መጣ፣ ግንባሩን ተመታ፣ ተገረመ፣ ተቀመጠ። ደንቡን ነገረን። ማንም ሰው ከእሱ በፊት የተናገረውን ሰው ቃል ሳይደግም የራሱን መናገር አይችልም። ደግሞ ሲጨርስ «ልክ ነኝ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለቃሉ «ልክ ነህ» ካላለው በስተቀር አያልፍም። እንግዲህ አስቡት! ሊዲያ የምታየው ተከታታይ ድራማ እንዳይጠፋባት መስጋቷን ለመናገር፣ መጀመሪያ የእኔን የቫይረስ እሮሮ አንድ በአንድ መድገም ነበረባት። ልጅቷ የውበት ሳሎን የምትሠራ፣ ትዕግሥት ማጣቷ ከእኔ የባሰ ነው። «ራሄል ቫይረስ ሰለቸኝ አለች፣ ልክ ነኝ?» ብላ ልታመልጥ ስትል ሙሴ መፋቂያውን አውጥቶ «አይ፣ የውርሱን ክስ ረሳሽው» አላት።

ከዚያ ፍላሹን ሰክቶ ሊኑክስን ከዚያው ከፍላሹ አስነሣው። እንዲህ ሲደረግ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው አይነካም፣ ሙከራ ነው። የሊዲያን ድራማ ከፍቶ አሳያት፤ ሠራ። ቫይረሱ ከደበቃቸው ፋይሎቼም የተወሰኑትን ፈልጎ አወጣልኝ። በደስታ ልጮኽ ነበር።

«አዴርስ?» አለ ወደ አባቴ ዞሮ። አዴር አጎት እንደማለት ነው፤ ለትልቅ ሰው ይባላል። አባቴ ግድግዳውን አየ።

«አዴር ምንም አላሉም። ልክ ነኝ?»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው አላለቀም» ብሎ ሙሴ ፍላሹን ነቀለ፣ ከመፋቂያው ጋር ኪሱ ከተተና ወጣ። ኮምፒውተሩ ወደ ድሮው በሽታው ተመለሰ። እኔ በሩ ላይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

የሚቀጥለውም እሁድ፣ ከዚያ የሚቀጥለውም እንዲሁ ሆነ። ወተት የበዛበትን ሻይ እየጠጣ፣ የሁላችንን ቃል እያስደገመ፣ በመጨረሻ «አዴር ምንም አላሉም» ብሎ ይሄዳል። አንድ ቀን ተንኮል አሰብኩ። ኮምፒውተሩን በፌስታል ጠቅልዬ ቢሮ ወሰድኩለት። «እዚህ የቢሮ ሕግ ነው፣ ታዝዘሃል፣ ጫን!» አልኩት። ከፈተው፣ ቫይረሱን ጠራርጎ አወጣ፣ መልሶ በፌስታሉ ጠቀለለው። «አዴር እዚህ መምጣቱን ያውቃሉ?» አለኝ። ፌስታሉን ተቀበልኩት። «በይ ቶሎ መልሺው፣ ካርታቸውን ሲያጡ ይደነግጣሉ» አለ። በዚያን ቀን ፌስታሉን አናቱ ላይ ልፈጠፍጠው ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንድ እሁድ፣ ሙሴ እንደ ልማዱ «አዴርስ?» ሲል፣ አባቴ ቀና ብሎ አየውና «አንተ ያን ቀን የት ነበርክ?» አለው።

ሊዲያ እጄን ያዘችኝ። ስለ የትኛው ቀን እንደሆነ ለማናችንም መንገር አያስፈልግም ነበር። ሙሴ መፋቂያውን ከአፉ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አዴር ያሉት፣ ያን ቀን የት ነበርክ ነው። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነህ።»

«ቤቴ ነበርኩ» አለ ሙሴ። «በሬን ቆልፌ፣ ልጆቼን አልጋ ሥር አስገብቼ። ጩኸቱ ይሰማኝ ነበር፣ ጭሱም ይታየኝ ነበር። አልወጣሁም። ፈራሁ፣ አዴር።»

አባቴ ወንበሩን ወደ ሙሴ ሳብ አደረገ። ከዚያ ደንቡ ትዝ አለው መሰለኝ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቤቴ ነበርኩ፣ በሬን ቆልፌ ነበር፣ ፈራሁ ነው ያልከው። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነዎት።»

«እኔም ፈርቼ ነበር» አለ አባቴ።

ሙሴ መፋቂያውን አንሥቶ መልሶ አፉ ውስጥ ከተተ። «ወደ ኮምፒውተሩ እንመለስ» አለ። እኔ ወጥቼ ጓዳ ውስጥ አለቀስኩ። ስመለስ አባቴ በሊኑክሱ የካርታ ጨዋታ ላይ ያለው ንጉሥ ፊቱ እንደማያምርና በዚህ ምክንያት እንደማይስማማ እያስረዳ ነበር።

ከዚያ በኋላማ ጉድ ፈላ። አባቴ አፉ ተፈታ፤ የተፈታው ግን እኔን ለመቃወም ነው! ሙሴ የካርታውን ሥዕሎች ለወጠለት፤ እሱ ደግሞ ፕሪንተሩን አነሣ። እውነትም አሮጌው ፕሪንተራችን ከሊኑክስ ጋር አልግባባ አለ። ሙሴ የሚያግባባውን ፕሮግራም በዚያ በሚንቀራፈፍ ኔትወርክ ለማውረድ ሳምንታት ፈጀ። ፕሪንተሩ ሲሠራ አባቴ ድሮ በሱቁ ኮምፒውተር ጽፎ በፍላሽ ያስቀመጣቸውን የአማርኛ ደብዳቤዎች አነሣ፤ በሊኑክስ ሲከፈቱ ፊደሉ የማይነበብ ትርኪ ምርኪ ሆነ። ሙሴ የድሮውን ፊደል ፋይል ከሆነ ቦታ ፈልጎ አመጣ፣ ደብዳቤዎቹም ተነበቡ። አባቴ አንዱን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልን፤ ለአንድ ትምህርት ቤት ደብተር ስለማቅረብ የተጻፈ ነው። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ሌላ ሰበብ ፈለገ። አንድ ቀን ሊዲያን ጓዳ ጠርቶ «እስኪ በስልክሽ እዪልኝ፣ ይኼ ሊኑክስ የሚሉት ነገር ስካነር ያሠራል?» ሲላት ያዝኩት።

«አባባ፣ እኛ ስካነር የለንም እኮ!» አልኩት።

«ብንገዛስ?» አለኝ።

አንገሽግሾኝ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ሥራዬን አቁሜ የሁለት ሽማግሌ ክርክር አዳምጣለሁ፤ ሙሴ ገና ሽማግሌ አልነበረም፣ ግን በጠባዩ ከአባቴ ይብስ ነበር። ቢሮ ኮሪደር ላይ ይዤው «ሙሴ፣ አባቴ እያሾፈብህ ነው፤ እንዳያልቅበት ነው ሰበብ የሚፈልገው» አልኩት።

«አንቺ ያልሽው፣ አዴር እያሾፉ ነው…»

«ደግሞ እዚህ እንዳትደግምብኝ!»

ሳቀ። «አባዮ፣ አልተስማሙም። ያልተስማማ ሰው ባለበት ቤት አልጭንም።» ብሎኝ ሄደ። ፋይሎቼ ከሞት የሚተርፉት እሱ በየሳምንቱ በፍላሹ እያጸዳልኝ ነው፤ ስለዚህ ተቆጥቼም ላባርረው አልችልም ነበር። ሲዘገይ ደግሞ አባቴ ግቢ በር ድረስ ሄዶ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ መንገዱን ያያል። ከበሩ ግን አያልፍም። «ምን ሆኖ ነው? መንገድ ዘጉበት እንዴ?» እያለ ይመለሳል።

የመጨረሻው እሁድ ሙሴ ረጅም ንግግር አደረገ። በአሥር ጣቱ እየቆጠረ፣ ለምን መጫን እንዳለበትም፣ ምኑ እንደሚያስቸግርም ተናገረ። ሲጨርስ የምሽቱ የመግሪብ አዛን ተሰማ። አባቴ ሊደግምለት አፉን ሲከፍት ሙሴ ተነሣ። «መልስዎን ለሳምንት ያቆዩልኝ አዴር፣ ደወሌ ወንድሜን አይቼ እመጣለሁ» አለ። ሲወጣ በሩን ዝቅ ብሎ አለፈው። በዚያን ቀን ብቻ ግንባሩ አልተመታም፤ ሊዲያ አጨበጨበችለት።

እንግዲህ ያን መርዶ ለአባቴ መናገር የእኔ ዕጣ ሆነ። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ አገኘሁትና ነገርኩት። ጨዋታውን ዘጋው። ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ፣ ባርኔጣውን አደረገ፣ ወጣ። ሽንት ቤት የሚሄድ መስሎኝ ነበር። የግቢው በር ሲከፈት ሰማሁና ሮጥኩ። አባቴ መንገዱ ላይ ነበር፣ ብቻውን፣ የገበያውን አቅጣጫ ይዞ። የተቃጠለው ሱቁ በነበረበት ቦታ ላይ የተሠራውን ሱቅ ዞሮ ሳያይ አለፈው። እኔ ነጠላዬን እንኳ በቅጡ ሳልለብስ ከኋላው እከተላለሁ። «አባባ፣ ቆይ ባጃጅ ልጥራ!» እላለሁ፤ አይሰማኝም። የሙሴን ቤት አንድም ቀን ሄዶበት አያውቅም፤ እየጠየቀ አገኘው። ለቅሶ የተቀመጡት ወንዶች ቦታ ለቀቁለት። ከደወሌ የመጣው የሙሴ ወንድም ሐሰን አጠገብ ተቀመጠ። ምን እንደተባባሉ ከሴቶቹ በኩል ሆኜ አልሰማሁም፤ ግን ሁለቱም ሲያወሩ አየሁ። ሲመለስ «እሁድ ይመጣል» አለኝ።

ሐሰን እሁድ ከአሱር በኋላ መጣ። እንደ ወንድሙ ረጅም አይደለም፣ በራችንን በሰላም ገባ። አባቴ የሙሴን ወንበር አሳየው፤ እሱ ግን ሌላ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከኪሱ የሙሴን ፍላሽ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ይኼን ነገር አውቀዋለሁ» አለ። «ሱቄን ያመሰው ነው። እናንተ ቤት ሊገባ ነበር አሉ።»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሙሴ ያለው እንዲህ ነው» ብሎ ወደ ባዶው ወንበር ዞሮ ጀመረ። «እዚህ ያለው ዊንዶውስ የተኮረጀ ነው፣ ለተኮረጀ ነገር ማንም ዋስ አይሆንም አለ። የራሄል ልፋት በየወሩ በቫይረስ እየተበላ ይህ ቤት ሰላም አያገኝም አለ። ደግሞ ለእኔም ተከራከረልኝ፤ አዴር እውነታቸውን ነው፣ መልመዱ ይከብዳል፣ ፕሪንተሩም አንዳንዴ ያኮርፋል፣ ይህን አልደብቅም አለ።» መዳፉን ጉልበቱ ላይ አሸት አሸት አደረገ። «በመጨረሻ ደግሞ… ቢበላሽባችሁ እኔ አለሁ፣ ቤቴ ቅርብ ነው አለ።»

«ልክ ነኝ?» አለ አባቴ ወንበሩን እያየ።

ከወንበሩ መልስ አልነበረም። ደንቡ ደግሞ ባለቃሉ ሳያጸድቅ ማለፍ ክልክል ነው፤ አባቴ እንደዚያው ጠበቀ። ሐሰን በትከሻው ፎጣ ዓይኑን ጠረገና «ልክ ነዎት፣ አዴር» አለ።

«መልሴ እሺ ነበር» አለ አባቴ። «ባለፈው እሁድ ልነግረው ነበር።»

«አባባ!» ብዬ ጮህኩ። የዚያ ሁሉ ዓመት እሁድ፣ የካርታው ንጉሥ፣ የሌለን ስካነር ባንድ ጊዜ ፊቴ ድቅን አለ። ልስቅ ነው፣ ላለቅስ ነው፣ አላውቅም። «በቃ እሺ ካልክ ይጫን! ፍላሹ ይኸው፣ ዛሬውኑ ሰው ፈልጌ አስጭነዋለሁ!»

«ነበር አልኩሽ» አለኝ ሳያየኝ። «ቢበላሽ አለሁ ያለው ሰው የለም። ስለዚህ ነገሩ ከሥሩ ይታያል።» ከዚያ ወደ ሐሰን ዞረ። «መቼ ነው የምትመለሰው?»

«ረቡዕ፣ አዴር።»

«አይሆንም፣ እስከ እሁድ ቆይ።»

ሐሰን ፍላሹን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ አባቴን አየ።

«አዴር ያሉት፣ እስከ እሁድ ቆይ ነው። ልክ ነኝ?»

«ልክ ነህ» አለ አባቴ።